ውሃው የት ገባ?

ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ከኮምቦልቻ አራት ኩንታል ዱቄትና ሦስት ሰው ጭኜ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን፣ እየወጣሁ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነኝ። ከፊቴ ጭነት የከበደው ሲኖትራክ አለ፣ መንገዱ ለመቅደም አይሰጥም፣ ስለዚህ ከኋላው ቀስ እያልኩ እከተለዋለሁ። ድንገት ዓይኔ ጌጁ ላይ አረፈ። የእኔ መኪና የሙቀት ቀስት ሁልጊዜ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ያን ቀን ግን መሃሉን አልፎ ወደ ቀዩ እየሄደ ነው።

ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ተሳፋሪዎቹ በዚያ ፀሐይ ምን ነካው ብለው አዩኝ። ሂተር ግን ትንሽ ራዲያተር ነው። ከሞተሩ ሙቀት ወስዶ ወደ ካቢና ያወጣል፣ በጭንቅ ሰዓት ትንሽ ያግዛል። ከሂተሩ የወጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነበር። ሞተሩ እየነደደ ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ከሰጠ ውሃው ሂተሩ ድረስ አልደረሰም ማለት ነው። ውሃ የለም።

ሰፋ ያለ ዳር አግኝቼ ቆምኩ። አርባ ደቂቃ ያህል ጠበቅን። የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ በጨርቅ ጨበጥኩት፣ ለስለስ ሲል ክዳኑን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ሦስት ሊትር ውሃ ጠጣ። ጎንበስ ብዬ ከሥር አየሁ። መሬቱ ደረቅ ነው። አንድ ጠብታ የለም።

ሦስት ሊትር ውሃ የት ገባ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ወር ፈጀብኝ። ይህን የምጽፈውም አንድ ነገር ለመናገር ነው፦ መኪናችሁ ውሃ ሲጎድልበት፣ ውሃው በየት እንደወጣ በዓይናችሁ ሳታዩ ሞተር አታስከፍቱ። ማንም ምንም ቢላችሁ።

መኪናዋ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር ናት። ሞተሯ ዋን ኤችዜድ ነው፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለውም። ቶዮታ ይህን ሞተር ማምረት የጀመረው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። ወሎ ውስጥ ገጠር የሚመላለስ ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል። እኛ ቤት የሚበላው ከእሷ ነው። ደላንታ፣ ወረኢሉ፣ ተንታ፣ የተጠራሁበት ሁሉ እሄዳለሁ። እሷ አንድ ሳምንት ከቆመች የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ይዘገያል። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ቀላል አልነበረም።

መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ ውስጥ ምርመራው አምስት ደቂቃ አልፈጀም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ፣ ሞተሩን አስነስቶ ጋዝ ሰጠ፣ ከኋላ ሄዶ ጭሱን አየ፣ ከሥር አየ። «ወደ ውጪ አያፈስም፣ ስለዚህ ውስጥ ነው የሚጠጣው» አለኝ። «ጓርኒሲዮኑ ሄዷል። ቴስታታው ይውረድ፣ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይላግ።» ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ የሲሊንደሮቹ ክዳን ነው፤ ጓርኒሲዮን ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ። ዋጋውን ሲነግረኝ አፌ ደረቀ።

ልጁ ሊያታልለኝ የፈለገ አይመስለኝም። አስተሳሰቡ የብዙዎቻችን ነው። ውሃ ይጎድላል፣ ከሥር አይታይም፣ በቃ ቴስታታ ነው። አንዳንዴም ልክ ይሆናል። ዋን ኤችዜድ አንዴ ከፈላ ቴስታታው ሊሰነጠቅ እንደሚችል የሚያውቅ ሁሉ ቶሎ ይፈራል፣ እኔም ፈርቼ ነበር። ግን «አይታይም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ሞተር የሚወርደው በግምት መሆን የለበትም። የወረደ ቴስታታ አዲስ ጓርኒሲዮን ይፈልጋል። ብሎኖቹ በትክክለኛው ቅደም ተከተልና በትክክለኛው ጥብቀት ካልታሰሩ ያልነበረ በሽታ ተገዝቶ ይገባል። ደህና የነበረ ሞተር ከተከፈተ በኋላ እንደ ድሮው አልሆን ያለባቸው ሁለት ሾፌሮች አውቃለሁ።

ስለዚህ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ራሴ መፈተሽ ጀመርኩ። የጓርኒሲዮን መቃጠል ምልክት አለው፣ ምልክቱንም ማንም ባለ መኪና ያለ መሣሪያ ሊያየው ይችላል።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጣሁ። ዘይቱ ጥቁር ነው፣ የናፍጣ ሞተር ዘይት እንደሚሆነው። ውሃ ቢገባበት ማኪያቶ ይመስል ነበር። የዘይት መሙያውን ክዳን ገለበጥኩት፣ ከሥሩም ነጣ ያለ ቅባት የለም። ከዚያ የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ጨበጥኩ። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ነው፣ ቱቦው ለስላሳ መሆን አለበት፣ ለስላሳም ነበር። ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ ሞተር የሲሊንደሩን ጋዝ ወደ ውሃው ስለሚገፋ ቱቦው አድሮም ተወጥሮ ሊገኝ ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ከፍቼ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሳሁና ውሃውን አየሁት። መጀመሪያ ሁለት ሦስት አረፋ ወጣ፣ ከዚያ ጸጥ አለ። ጋዝ የሚገባበት ውሃ ጸጥ አይልም፣ እንደ ሽሮ ይንተከተካል።

ጭሱን በተመለከተ ደሴ የሚኖር ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እዚህ ጠዋት ብርዱ ከባድ ነው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ ይብሳል፤ አሮጌ ናፍጣ ሞተር ሲነሳ ነጭ ጭስ ቢያወጣ አይገርምም። በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፣ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ሞተሩ ሲሞቅም ይጠፋል። የሚያሳስበው ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋው ነጭ እንፋሎት ነው። የእኔ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ።

እንግዲህ ቴስታታው አይደለም ማለት ነው። ቢያንስ ምንም ምልክት የለውም። ውሃው ግን አሁንም ይጎድላል።

ያኔ ነው ደብተር የገዛሁት። ሃምሳ ሉክ ተራ ደብተር። በየቀኑ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፍቼ የጎደለውን በሃይላንድ ጠርሙስ እየለካሁ እሞላለሁ፣ የሞላሁትንም እጽፋለሁ። ቀኑን፣ ኪሎሜትሩን፣ የት እንደሄድኩ፣ ጭነት እንደነበረኝና እንዳልነበረኝ፣ ሂተር እንደከፈትኩና እንዳልከፈትኩ። ረዳቴ መጀመሪያ ሲያየኝ ሱቅ የከፈትኩ መስሎት ነበር።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ደብተሩ መናገር ጀመረ። ከፒያሳ ሸዋ በር፣ ከሸዋ በር ቧንቧ ውሃ እያልኩ ከተማ ውስጥ ስሽከረከር በሰነበትኩበት ሳምንት በጠቅላላው የጎደለው ግማሽ ሊትር አልሞላም። ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ ተመላልሼ፣ ሽቅቡን ጭነት ይዤ ስመጣ ግን ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ጎደለ። ባዶዬን ስመለስ ትንሽ ብቻ። ሂተር በከፈትኩበት ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን ይበልጥ ይጎድላል። ያን ጊዜ ይህን የመጨረሻውን ነገር አልገባኝም ነበር። መልሱ ግን እዚያው በገዛ እጄ ጽፌው ተቀምጧል።

ሽቅብ ሲወጣ ብቻ የሚጎድል ውሃ ግፊት ሲጨምር የሚወጣ ውሃ ነው። ስለ ግፊት ደግሞ ከራዲያተር ክዳን መጀመር አለብን። ክዳኑን ብዙ ሰው እንደ ጠርሙስ ቆርኪ ነው የሚያየው። አይደለም። በተለይ ለእኛ ለደጋዎቹ አይደለም።

ባሕር ጠለል ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ናት፣ እዚያ ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ናት፣ እዚህ ወደ 92 ላይ ይፈላል። ባቄላ ደሴ ላይ ለመብሰል ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው፣ እናቶቻችን በልምድ ያውቁታል። እንግዲህ የሞተሩን ቴርሞስታት አስቡት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈውን በር። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት በ82 ዲግሪ መከፈት ይጀምራል። ያ ማለት ሞተሩ በደህናው ቀን የሚሠራበት ሙቀትና ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት መካከል ያለው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። ጭነት ይዞ ሐረጎን የሚወጣ ሞተር አሥር ዲግሪውን በአንድ ጠመዝማዛ ይጨርሰዋል።

ክዳኑ የሚያድነን እዚህ ላይ ነው። በእኔ ክዳን ላይ 0.9 የሚል ቁጥር አለ። ውስጡ ያለው ሱስታ ውሃውን እስከ 0.9 ባር ድረስ አፍኖ ይይዘዋል። የታፈነ ውሃ ቶሎ አይፈላም፤ ደሴ ላይ እንኳ በዚህ ግፊት እስከ 114 ዲግሪ አካባቢ ይታገሣል። ከአሥር ዲግሪ ወደ ሠላሳ ዲግሪ ሰፋ ማለት ነው። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ወይም ሱስታው ከለሰለሰ ያ ሁሉ ይጠፋል፣ ሞተሩ ምንም ሳይበላሽ ውሃው ይፈላል። አዲስ አበባ ያለው ከእኛ ብዙም አይሻልም። ባቲ ወርዶ ወደ ሚሌ የሚሄደው ደግሞ ሌላ ችግር አለበት፣ እዚያ ውሃው የሚፈላበት ሙቀት ከፍ ቢልም አየሩ ራሱ እሳት ነው።

ክዳኔን አውጥቼ አየሁት። ጎማው እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፣ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ አለ። ከመሃል ያለችው ትንሿ ሁለተኛ ቫልቭ ደግሞ በዝገት ተይዛለች። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው ፕላስቲክ ዕቃ ውሃ መልሶ የሚስበው በእሷ በኩል ነው። የፕላስቲኩ ዕቃ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ የሚጎድለው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ስንቴ የፕላስቲኩን ዕቃ ብቻ አይቼ ውሃ አለ ብዬ ተነስቻለሁ! ራዲያተሩን ራሱን እዩ፣ በቀዝቃዛው።

ኦርጂናል ክዳን ፈልጌ ገዛሁ። ኮፒው በግማሽ ዋጋ ነበር፣ ግን 0.9 ስለተጻፈበት ብቻ 0.9 ይይዛል ማለት አይደለም።

በአዲሱ ክዳን ኮምቦልቻ ሄጄ ጭኜ ተመለስኩ። ቀስቱ ንቅንቅ አላለም። ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ስለካ ግን የጎደለው ካለፈው ይበልጣል። ተናደድኩ። ብሩን የጣልኩት መሰለኝ።

አንድ ወዳጄ ደሴ ውስጥ ያሉ አንድ አዛውንት መካኒክ ዘንድ ወሰደኝ። ጋራዣቸው ከአንድ ግቢ አይሰፋም። ደብተሬን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አነበቡት። እንደዚያ ያነበበልኝ ሰው አልነበረም።

«አብሽር ልጄ» አሉኝ። «ክዳኑ መልካም ነገር አድርጎልሃል። ቀድሞ ግፊቱ በክዳኑ በኩል ያመልጥ ነበር። አሁን ሲታፈን ሌላ ደካማ ቦታ አገኘ። አሁን ነው የሚያዘው።»

«ጋሼ፣ ከሥር እኮ ምንም አይታይም።»

«ምን ሞልተህበት ነው የሚታየው? ውሃ አይደል? ውሃ ትኩስ ብረት ላይ ካረፈ ይደርቃል፣ ዱካ አይተውም። ቀለም ያለው ኩላንት ሙላበት። ኩላንት ቢደርቅም ቅርፊት ይተዋል።»

እውነት ነው፣ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ነበር የምሞላው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነን። ኩላንት፣ ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚቀላቀለው ፈሳሽ፣ ብርድ አገር ያለ ሰው ውሃው በረዶ እንዳይሆንበት የሚገዛው ነገር ይመስለን ነበር። ለእኛ ትልቁ ጥቅሙ ዝገት መከላከሉ ነው። የፍላቱን ነጥብም ከፍ ያደርጋል። ራዲያተሩን ስናፈስስ የወጣው ውሃ ጠላ ይመስል ነበር። ሦስት ጊዜ አጥበን ነው የጠራው። ከዚያ ቀዩን ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ቀላቅለን ሞላን። የዚህ ሞተር የውሃ መጠን ከ10 ሊትር በላይ ነው፣ ወጪው ይሰማል። ግን ከቴስታታ ጋር አይወዳደርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ኩላንት መርዝ ነው፣ ጣዕሙም ጣፋጭ ነው። ውሻም ድመትም ይልሱታል፣ ልጅም ይቀምሰዋል፣ ጥቂቱም ይገድላል። እባካችሁ መንገድ ላይ አታፍስሱት። ሰፊ ሳህን ከሥር አድርጉ፣ ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ገልብጡና ክደኑት፣ በላዩም ጻፉበት። ንጹሕ ከሆነ መልሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

ሦስት ቀን እንድሠራበትና እንድመለስ ነገሩኝ። አንዱን ቀን ሐረጎን በጭነት ወጣሁት። ስመለስ መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቆምናት፣ እሳቸው የእጅ ባትሪ ይዘው ወረዱ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። «ና ውረድ» አሉኝ።

ሞተሩ ከካምቢዮው ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ከላይ በኩል፣ ሮዝ ቅርፊት አለ። ከላይ ወደ ታች የወረደ ቀጭን መስመር። መስመሩ ሳይጨርስ ጭስ ማውጫው ቧንቧ አጠገብ ይጠፋል። ውሃው እዚያ ሲደርስ ሙቀቱ ያደርቀዋል፣ መሬት አይደርስም። ሦስት ሊትሩ የገባው እዚህ ነው።

ግን ቅርፊት የት እንደወረደ እንጂ ከየት እንደተነሳ አይናገርም። ውሃ ወደ ታች ይፈስሳል፣ መኪና ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከቅርፊቱ ወደ ላይና ወደ ፊት ነው የሚፈለገው። እሳቸው አንድ ራሳቸው የሠሩት መሣሪያ አላቸው፦ አሮጌ የራዲያተር ክዳን መሃሉ ተበስቶ የጎማ ቫልቭ ገብቶበታል፣ ዙሪያው ተደፍኗል። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ አፍ ላይ ገጠሙት፣ ጌጅ ባለው የእጅ ፓምፕ ቀስ እያሉ ነፉ። ከ0.9 አላሳለፉም። ማሳለፍ አይገባም፣ ደህናውን ቦታ ያፈነዳል። ከዚያ እጃቸውን አጣጥፈው ቆሙ። «ዝም በሉ» አሉን። ግቢው ውስጥ ያለ ሁሉ ዝም አለ።

ቀስ ብላ «ስስስ» የምትል ድምፅ ተሰማች። ከሞተሩ ኋላ፣ ሞተሩንና ካቢናውን ከሚለየው ላሜራ በኩል። ወደ ሂተሩ ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች አንዱ ነው። ከላይ ሲታይ ደህና ነው። ሥሩን በትንሽ መስተዋት ስናየው ግን አንድ የብረት መያዣ ላይ እየተፋተገ ቆይቶ ስስ ሆኗል፣ መሃሉ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አለችው። ቱቦውን በጣታቸው ገፋ ሲያደርጉት ውሃው ቀጥ ብሎ ተረጨ።

ያኔ የደብተሬ ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሞተር ጭነት ይዞ ሽቅብ ሲገፋ በመቀመጫ ጎማዎቹ ላይ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ሞተሩ ሲንቀሳቀስ ቱቦው ይሳባል፣ ቀዳዳው ይከፈታል። ያን ጊዜ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። ከተማ ውስጥ ግን ቱቦው መያዣው ላይ ተጭኖ ቀዳዳውን ራሱ ይደፍነዋል። ሂተር በከፈትኩበት ቀን የባሰውም ያኔ ትኩስ ውሃ በደንብ የሚያልፍበት ያው ቱቦ ስለሆነ ነው። እኔ ጽፌዋለሁ፣ ግን አላነበብኩትም። እሳቸው ደብተሩን ሲያዩ ጠርጥረው እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ለምን ቀድመው እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው «ሳላየው እንዴት እናገራለሁ?» አሉ።

ሥራው ራሱ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ሁለቱንም የሂተር ቱቦዎች ቀየርን። አንዱ ብቻ ነው የተበሳው፣ ግን ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ እጅ ወደዚያ ለማስገባት ያለው ጭንቅም አንድ ነው። ማሰሪያዎቹን በአዲስ ቀየርናቸው። ቱቦው የሚገባበትን የብረት አፍ በብርጭቆ ወረቀት አጸዱት። ዝገት ያለበት አፍ ላይ አዲስ ቱቦ ማሰር ዋጋ የለውም። ማሰሪያውንም ከመጠን በላይ አላጠበቁትም፣ ጎማውን ይቆርጠዋል። ያ የሚፋትገው መያዣ ላይ ከአሮጌው ቱቦ አንድ ቁራጭ ቆርጠው ጠቅልለው አሰሩበት። ይህችን ትንሽ ነገር ብዙ ጋራዥ አይሠራትም፣ አዲሱ ቱቦም ከዓመት በኋላ እዚያው ይበሳ ነበር።

ቴርሞስታቱንም አየን። የለም። ከእኔ በፊት የነበረ ባለቤት አስወጥቶት ኖሯል። ይህ አገራችን ውስጥ የተለመደ ነው፣ ሞተር ሲሞቅ መጀመሪያ የሚጣለው ቴርሞስታት ነው። ትክክል አይደለም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ደሴ ብርድ ላይ ቶሎ አይሞቅም፣ ናፍጣ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያረጃል። የሚያሞቀው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ ያ ሌላ ነገር እንዳለ ይቀራል። አዲስ ገዛንና ከመግጠማችን በፊት በሽቦ አንጠልጥለን ጣሳ ውስጥ በሚሞቅ ውሃ ፈተሽነው። መክፈት ጀመረ፣ ሙሉ በሙሉ ግን አልተከፈተም። ረዳቴ ተበላሽቷል ሊል ነበር። ሙሉ ለመከፈት ከ82 አሥራ ምናምን ዲግሪ መጨመር አለበት፣ የደሴ ክፍት ጣሳ ደግሞ 92 ላይ ፈልቶ ያበቃለታል። ስለዚህ ደህና ነው። ገጠምነው፣ አየር የምታሳልፈዋን ትንሽ ቀዳዳ ወደ ላይ አድርገን።

ሲሞላ ደግሞ ችኮላ አያስፈልግም። የሂተሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻ ሙቅ ላይ አድርገን፣ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ሽቅቡ አቁመን፣ በቀጭኑ ሞላን። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ ስናደርገው አየሩ ብልቅ ብልቅ እያለ ወጣ። ሞተሩ ሞቆ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ደረጃው ወረደ፣ ጨመርን። ማታ አሳድረን ጠዋት በቀዝቃዛው እንደገና ሞላን። ውስጥ የቀረ አየር ጌጁንም ያሳስታል፣ ሞተሩንም አንድ ቦታ ላይ ያቃጥለዋል።

ራዲያተር ውስጥ እንቁላል ስለሚሰብሩ፣ የቀዳዳ መድፈኛ ዱቄት ስለሚጨምሩ ሰዎች ስጠይቃቸው አዛውንቱ ፊታቸውን ቋጠሩ። ቀዳዳውን የሚደፍን ነገር የራዲያተሩንና የሂተሩን ቀጫጭን ቧንቧዎችም ይደፍናል። ምድረ በዳ ላይ ሌላ ምርጫ ያጣ ሰው ቤቱ ለመድረስ ያድርገው። ደሴ ከተማ ውስጥ ግን ምን አስቸኮለው?

የእጅ ሥራቸውን ስከፍል ያነሰብኝ መስሎኝ ጨመርኩ፣ መለሱልኝ። መጀመሪያ ቴስታታ ከተባልኩበት ዋጋ ጋር ሳወዳድረው፣ ክዳኑን፣ ቱቦዎቹን፣ ቴርሞስታቱንና ኩላንቱን ጨምሮ አንድ አሥረኛውን አይሞላም።

ክዳን ስለመክፈት ሳልናገር አላልፍም። ረዳቴ ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ጋር ሲሠራ ሞቆ የቆመ መኪና ክዳን በባዶ እጁ ከፍቶ ክንዱ ተቃጥሏል፣ ጠባሳው እስከ ክርኑ ድረስ ነው። የታፈነው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ክዳኑ ሲከፈት በአንዴ እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል። ቱቦውን ጨብጡ። ጠንካራ ከሆነ አትንኩት። ቸኩያለሁ የሚል ተሳፋሪ ካለ ወርዶ ሌላ መኪና ይያዝ። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ አትድፉ፣ ደህናው ቴስታታ የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

ከጥገናው በኋላ ባለው ሰኞ የባቲ ገበያተኛ ጭኜ ወረድኩ። ከኮምቦልቻ ባቲ ቁልቁል ነው፣ ሙቀቱም እየጨመረ ይሄዳል። ስመለስ መኪናዋ ጢም ብላ ነበር። ከባቲ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን፣ በዚያው በሁለተኛ ማርሽ። ዓይኔ ከጌጁ አልተነሳም። ቀስቱ ቦታው ላይ ነው። ጫፍ ላይ ስደርስ ብርዱ ጀመረ፣ ሂተሩን ከፈትኩ፣ ሙቅ አየር ወጣ። ከኋላ አንዲት እናት «ተመስገን፣ እግሬ ደርቆ ነበር» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ክዳኑን ልከፍት ስወጣ ረዳቴ ቀድሞኝ ከፍቶታል። ውሃው አፉ ድረስ ነው። ደብተሩን አምጥቶ በራሱ እጅ ቀኑን ጻፈ፣ «ባቲ ደርሶ መልስ፣ ሙሉ ጭነት፣ ሂተር ተከፍቷል» አለ፣ ከፊት ለፊቱም ዜሮ አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከሥር አየና ጠራኝ። የራዲያተሩ የታችኛው ጥግ ላይ፣ ብየዳው አጠገብ፣ ጥፍር የምታክል ሮዝ ነጥብ አለች። ደርቃለች። በጠመኔ ዙሪያዋን ከበብናትና ሥራ ሄድን።